ጠይቆ መቆፈር፣ አግኝቶ መናገር



 ወደዚህ በጋበዛችሁኝ ደብዳቤ ላይ የተጠየቅሁት ስለ ትርፍ ጊዜ አጠቃቀም ነው። ጡረታ የወጡ አባቶች ከቤትና ከካፌ ሌላ መዋያ ይፈልጋሉ፤ ወላጆች ልጆቻቸውን ከስልክ የሚያላቅቅ ነገር ይሻሉ፤ ብዙዎቻችሁ ደግሞ ለንደን ውስጥ ሃያና ሠላሳ ዓመት ኖራችሁ የዚህን አገር ገጠር ከባቡር መስኮት አልፋችሁ አላያችሁትም ተባልኩ። ለሦስቱም የሚሆን አንድ ሐሳብ ይዤ መጥቻለሁ፤ ብረት ጠቋሚ መሣሪያ ይዞ የእርሻ ማሳ ላይ መዋል።

መሣሪያውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ሆቴል ወይም ባንክ ስትገቡ ጥበቃው ከትከሻ እስከ እግር የሚያዞርባችሁ፣ ቀበቶ ላይ ሲደርስ የሚጮኸው ነው። እኔ የማወራችሁ ዘንጉ ረዝሞ ፊቱን ወደ መሬት ስላዞረው ነው። በእንግሊዝና በዌልስ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ቅዳሜና እሑድ ይዘውት ይወጣሉ።

ዛሬ የምለው ሁሉ ሁለት ነገር ላይ ይቆማል፤ በየመሐሉም ስደጋግመው ትሰማላችሁ። ሳትጠይቁ አትቆፍሩ። ያገኛችሁትን አትደብቁ። መሣሪያው በእነዚህ በሁለቱ መካከል የሚመጣ ነው፤ ሁለቱን ያልያዘ ሰው መሣሪያውን ባይገዛ ይሻላል። በቅድሚያ ስለ መሣሪያው አሠራር፣ ቀጥሎ ስለ ፈቃድ፣ ከዚያ ማሳ ላይ ስለሚሠራው ሥራ፣ ከዚያ ስለ ሕጉ፣ በመጨረሻም ስለ አገራችን እናገራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት የአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛ ሲሆን እነግራችኋለሁ።

ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልግባ፤ መሣሪያው።

በ1881 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድ በጥይት ተመቱ። በስልክ ፈጠራው የምናውቀው አሌክሳንደር ግርሃም ቤል ጥይቱ ሰውነታቸው ውስጥ የት እንዳለ ለማወቅ ብረት የሚጠቁም መሣሪያ ሠርቶ ሞከረ። አልተሳካለትም። የተኙበት ፍራሽ የብረት ሞላ ነበረው፤ ሐኪሙም ጥይቱ አለበት ብሎ ያመነበትን አንድ ጎን ብቻ እንዲፈትሽ ነበር የፈቀደለት። ይህን የማነሣው ለጀማሪ ስለሚጠቅም ነው። መሣሪያው ከሥሩ ያለውን ብረታ ብረት ሁሉ ይሰማል፤ የምትፈልጉትን ከማትፈልጉት የምትለዩት እናንተ ናችሁ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ ዩዜፍ ኮሳትስኪ የተባለ የፖላንድ መኮንን ስኮትላንድ ሆኖ የፈንጂ መፈለጊያ ሠራ፤ በ1942 በኤል አላሜይን ጦርነት አገልግሎት ላይ ዋለ። በሠራዊት ያገለገላችሁ አባቶች ፈንጂ አምካኞችን ታስታውሳላችሁ። የዛሬው መሣሪያ ይቅለል እንጂ መሠረቱ ያው ነው።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ጫፉ ላይ ባለው ክብ ሳህን ውስጥ ጥምጥም ሽቦ አለ። መሣሪያው በባትሪው ኃይል በሽቦው ውስጥ ወዲያና ወዲህ የሚቀያየር ኤሌክትሪክ ሲልክ ከሳህኑ ሥር መግነጢሳዊ መስክ ይፈጠራል። መስኩ መሬት ውስጥ ካለ ብረታ ብረት ሲደርስ በዕቃው ላይ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይዞራል፤ ያም በበኩሉ ደካማ መስክ ይመልሳል። ሳህኑ ውስጥ ያለ ሁለተኛ ጥምጥም ሽቦ ያንን መልስ ይቀበልና ወደ ድምፅ ይለውጠዋል። አብዛኞቹ መሣሪያዎች በመስኮታቸው ላይ ቁጥርም ያሳያሉ። ሚስማር ዝቅ ያለ ቁጥርና ጎርናና ድምፅ ይሰጣል፤ ወፍራም መዳብና ብር ከፍ ያለ ቁጥርና ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣሉ።

እዚህ ላይ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነገር አለ። ቀጭን የወርቅ ቀለበትና የለስላሳ ጣሳ መክፈቻ፣ ወይም የተጨማደደ የአሉሚኒየም ወረቀት፣ ተቀራራቢ ቁጥር ላይ ይወድቃሉ። መሃል ላይ ያለውን ቁጥር ሁሉ ቆሻሻ ነው ብሎ ያለፈ ሰው ወርቁንም አብሮ ያልፋል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚጠራውን ሁሉ ቆፍሩ። ጆሮ የሚሠለጥነው በሌላ መንገድ አይደለም።

ቤት ውስጥ የሚሠራ መለማመጃ ልስጣችሁ። በ1980ዎቹ የተመታ አንድ ፔኒና የዛሬ አንድ ፔኒ መሬት ላይ አስቀምጡ። ለዓይን አንድ ናቸው። ከ1992 ጀምሮ ግን ፔኒው በመዳብ የተለበጠ ብረት ሆኗል። ማግኔት አስጠጉት፤ አዲሱ ይጣበቃል፣ አሮጌው አይጣበቅም። ከዚያ መሣሪያውን በሁለቱ ላይ አሳልፉና ልዩነቱን ስሙ። ልጆቻችሁ ከመምህር የማያገኙትን የፊዚክስ ትምህርት በአንድ ከሰዓት ታስተምሯቸዋላችሁ።

ስለ ዋጋ አጠር አድርጌ ልናገር። የአሜሪካው ጋሬት፣ የአውስትራሊያው ሚኒላብ፣ የቱርኩ ኖክታ ለጀማሪ የሚሆን መሣሪያ ከ150 እስከ 300 ፓውንድ ባለው ዋጋ አላቸው። ከዚያ በታች መጫወቻ የሚመስሉት ገንዘብ ማጥፊያ ናቸው። ሺህ ፓውንድ የሚያወጣውንም አሁን አትግዙ፤ ቅንብሩን ሳታውቁት ያሰለቻችኋል። በዚያ ላይ ጠንካራ የእጅ መቆፈሪያ፣ ጓንት፣ የቆሻሻ ቦርሳና በእጅ የሚያዝ ትንሽ ጠቋሚ ጨምሩ። ትንሿ ጠቋሚ ጉድጓድ ውስጥ ገብታ ዕቃው በየት ጎን እንዳለ የምታሳይ ናት፤ ብዙ ድካም ትቀንሳለች። ባሕር ዳርቻ ላይ ለመሥራት ያሰባችሁ ደግሞ የጨው ውኃ ያረሰረሰው አሸዋ ቀላሉን መሣሪያ በከንቱ እንደሚያስጮኸው ዕወቁ፤ በአንድ ጊዜ በብዙ ድግግሞሽ የሚሠራውን ምረጡ።

ሁለተኛው ነጥብ ፈቃድ ነው። እዚህ ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው።

በእንግሊዝ ባለቤት የሌለው መሬት የለም። ጫካው፣ የመንገዱ ዳር፣ የሰፈራችሁ መናፈሻ፣ ሁሉም የአንድ ሰው ወይም የአንድ አካል ነው። ሃይድ ፓርክና ሌሎቹ ንጉሣዊ መናፈሻዎች ውስጥ ብረት ጠቋሚ መጠቀም ክልክል ነው። የአካባቢ ምክር ቤቶች መናፈሻም ቢሆን ካውንስሉ ሳይፈቅድ አይነካም፤ ብዙዎቹም አይፈቅዱም። ቴምዝ ወንዝ ውኃው ሲሸሽ የሚወጣው ዳርቻ ነፃ ይመስላል፤ ነገር ግን እዚያ በዓይን ለመፈለግ እንኳ ከለንደን ወደብ ባለሥልጣን ፈቃድ መያዝ ግዴታ ነው። በሕግ የተከለሉ ጥንታዊ ሥፍራዎች ላይ ደግሞ፣ ገበሬው ራሱ ቢፈቅድላችሁም፣ ያለ መንግሥት ፈቃድ ብረት ጠቋሚ መጠቀም በ1979 በወጣው ሕግ መሠረት ወንጀል ነው። በእንግሊዝ የተከለሉት ቦታዎች በሙሉ ሂስቶሪክ ኢንግላንድ በሚባለው የቅርስ ጥበቃ ተቋም ካርታ ላይ አሉ፤ ከመውጣታችሁ በፊት ተመልከቱት።

ታዲያ ምን ቀረ? የግል እርሻ ቀረ። እሱም የሚገኘው በመጠየቅ ነው። ሳትጠይቁ አትቆፍሩ ያልኩት ለዚህ ነው።

ስትጠይቁ ሁለት ሰዎች ሊኖሩ እንደሚችሉ አስቡ፤ መሬቱን የሚያርሰውና የመሬቱ ባለቤት። አራሹ ተከራይ ከሆነ የሁለቱም ፈቃድ ያስፈልጋል። በአዝመራ መሰብሰቢያና በጎች በሚወልዱበት ሰሞን አትሂዱ፤ ከገጠር የመጣችሁ ገበሬ በምን ሰዓት ጥያቄ እንደማይሰማ ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ። ማን እንደሆናችሁና ከየት እንደመጣችሁ ንገሩት። በር እንደምትዘጉ፣ የተዘራ ላይ እንደማትረግጡ፣ ያገኛችሁትን ሁሉ እንደምታሳዩት ንገሩት። ከዚያ በአንድ ገጽ ወረቀት ተስማሙ፤ ውድ ነገር ቢገኝ ድርሻው እንዴት እንደሚሆን ከመቆፈር በፊት ይጻፍ። ወዳጅነትን ከሚያፈርሱ ነገሮች አንዱ ወርቅ ከተገኘ በኋላ የሚደረግ ክፍፍል ነው።

የብረት ጠቋሚዎች ብሔራዊ ምክር ቤት የሚባል ማኅበር አለ፤ አባል የሆነ ሰው እስከ 10 ሚሊዮን ፓውንድ የሚደርስ የኃላፊነት መድን ያገኛል። ገበሬው ላም ጠፋች፣ ትራክተር ተሰበረ ብሎ እንዳይሰጋ የመድን ካርዳችሁን አሳዩት።

አሁን ደግሞ ብዙዎቻችሁ በልባችሁ የያዛችሁትን ላንሣ። «እኔን፣ ጥቁሩን ሰው፣ ዘንግና መቆፈሪያ ይዤ ማሳው መሃል ሲያየኝ ገበሬው ምን ይላል?» ይህን ሳልነካ ባልፍ አላከበርኳችሁም። ሥጋቱ እውነተኛ ነው። ስለዚህ ብቻችሁን አትጀምሩ። በየአውራጃው የብረት ፈላጊዎች ክበብ አለ፤ ክበቦቹ ቀድመው ያስፈቀዱት መሬት አላቸው፤ አዲስ ሰው ከእነሱ ጋር ሲወጣ ገበሬው ያየዋል፣ ስሙን ይጠይቃል፣ በሚቀጥለው ጊዜ እንግዳ አይሆንም። የፈቃድ ወረቀታችሁም ሁልጊዜ ኪሳችሁ ውስጥ ይሁን። አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። በሬ ጠምዶ ያረሰ፣ ጥቁር አፈርን ከቀይ የሚለይ፣ የዝናብ መዘግየት ምን እንደሚያመጣ የሚያውቅ አባት ከኬንት ገበሬ ጋር የሚያወራው ብዙ አለው። እዚህ ተወልደው ያደጉት ሰዎች ብዙዎቹ ያ ወሬ የላቸውም።

ሦስተኛው ነጥብ ማሳ ላይ ስለሚሠራው ሥራ ነው።

ወቅቱ አዝመራው ከተነሣ በኋላ፣ ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ አዲሱ ዘር እስኪበቅል ያለው ጊዜ ነው። ለእኛ ሰው ይህን ማስረዳት ቀላል ነው። ይህ ቃርሚያ ነው። ባለቤቱ ምርቱን ከሰበሰበ በኋላ፣ እሱ ፈቅዶላችሁ፣ ጎንበስ ብላችሁ የቀረውን ትለቅማላችሁ፤ የሚገኘው ትንሽ ነው፣ ያም ቢሆን ማሳውን ሳይጎዱ ነው የሚገኘው።

ሳህኑን ከመሬት ሁለት ጣት ያህል ከፍ አድርጋችሁ፣ ሣር እንደሚያጭድ ሰው ጫፉን ወደ ላይ ሳታነሡ፣ ቀስ ብላችሁ ከግራ ወደ ቀኝ አሳልፉ። የአሁኑ ዙር ያለፈውን በግማሽ ይደርበው። ፍጥነት የዚህ ሥራ ጠላት ነው። ድምፅ ስትሰሙ በመስቀለኛ አቅጣጫ ደግማችሁ አሳልፉ፤ ከሁለቱም በኩል የሚደጋገም ድምፅ ይቆፈራል፤ ከአንድ በኩል ብቻ የሚጮኸው ብዙ ጊዜ የዛገ ሚስማር ነው። ሳንቲም የሚያህል ነገር አብዛኛውን ጊዜ ከ25 ሳንቲ ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ አይሰማም። ስለዚህ ጥልቅ ጉድጓድ አያስፈልግም፤ ገበሬው አርሶ ካገላበጠው አፈር በታች መውረድም ተገቢ አይደለም።

የግጦሽ መሬት ላይ ከሆናችሁ ሣሩን በሦስት ጎን ቁረጡ፤ በአራተኛው ጎን ሥሩ እንደተያያዘ ገልብጡት። አፈሩን በጨርቅ ላይ አውጡ፣ ዕቃውን ፈልጉ፣ አፈሩን መልሱ፣ ሣሩን ክደኑና በእግር ርገጡት። ከሳምንት በኋላ ጉድጓዱ የት እንደነበር ገበሬው ማወቅ የለበትም። ቆሻሻውንም ይዛችሁ ውጡ። የጥይት ቀለህ፣ ጣሳ፣ ሽቦ ከማሳው መውጣቱ ለገበሬው ጥቅም ነው፤ ቀጣዩን ዓመት ፈቃድ የሚያስገኝላችሁም ይኸው ነው። የጦርነት ጊዜ ቦምብ የሚመስል ነገር ካያችሁ ግን አትንኩ፤ ቦታውን ምልክት አድርጉ፣ ራቁ፣ 999 ደውሉ።

ምን ይገኛል? ቁልፍ፣ የቀበቶ ማያዣ፣ የሙስኬት ጥይት፣ የተሰበረ ማንኪያ፣ የቪክቶሪያ ፔኒ። አልፎ አልፎ ደግሞ በመዶሻ የተመታ የመካከለኛው ዘመን ቀጭን የብር ፔኒ። አንዳንዱ ለሁለት ወይም ለአራት ተቆርጦ ይገኛል፤ የዚያን ጊዜ ሰዎች ዝርዝር ሲያጡ ፔኒውን ቆርጠው ግማሽና ሩብ ያደርጉት ነበር። ባለ 800 ዓመት ሩብ ፔኒ ከአንድ ኪስ ወድቃ እናንተ እጅ ላይ ስትወጣ፣ ያ ሰው ማታ ቤቱ ገብቶ ኪሱን ሲዳብስ ምን እንዳለ ታስባላችሁ። እኔን ወደዚህ ሥራ የሳበኝ ይህ ነው፤ ዋጋው ከጥቂት ፓውንድ አያልፍም።

ያገኛችሁትን አትፈትጉ። አፈሩን በጣት ማሸት እንኳ የብር ላይ ጽሑፍ ያጠፋል። በትንሽ ሣጥን ከነአፈሩ አስቀምጡት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቦታውን መዝግቡ። ስልካችሁ ላይ ባለው ጂፒኤስ ነጥቡን ያዙ፤ ጥልቀቱንና ቀኑን ጻፉ። ይህ ልማድ ለምን እንደሚያስፈልግ አሁን በምነግራችሁ ታሪክ ትረዱታላችሁ።

አራተኛው ነጥብ፣ ካገኛችሁ በኋላ የሚሆነው ነው።

አስቀድመን ሰው ገንዘቡን ለምን ይቀብራል እንበል። አያቶቻችን ማርትሬዛ ብር በእንስራ አድርገው መሬት ውስጥ ይቀብሩ እንደነበር ሁላችሁም ሰምታችኋል። ባንክ አልነበረም፤ ሽፍታ ነበረ። እዚህም እንደዚያው ነበር። ታዋቂው የማስታወሻ ጸሐፊ ሳሙኤል ፒፕስ በ1667 የደች መርከቦች እንግሊዝን ሲወጉ ወርቁን በአባቱ ቤት ግቢ ውስጥ አስቀበረ፤ ከወራት በኋላ ራሱ ሄዶ በፋኖስ ሲያስወጣ የጎደለ ነበረው። እሱ ተመልሶ ቆፈረ። ሳይመለሱ የቀሩም ነበሩ፤ የእነሱ ንብረት እስከ ዛሬ መሬት ውስጥ ነው።

በኅዳር 1992 በሰፎክ አውራጃ፣ ሆክስን በምትባል መንደር፣ አንድ ገበሬ መዶሻ ጠፋበት። ጡረታ የወጣ አትክልተኛ ወዳጁን ኤሪክ ሎውስን መዶሻዬን ፈልግልኝ አለው። ሎውስ ብረት ጠቋሚውን ይዞ ወጣ። ያገኘው ግን የብር ማንኪያ፣ የወርቅ ጌጥና ብዙ ሳንቲም ነበር። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ የዛሬው ንግግሬ ሁሉ እዚህ ላይ ነው ያለው። ሎውስ መቆፈሩን አቆመ። የመሬቱ ባለቤት ለነበረው ለአውራጃው ምክር ቤትና ለፖሊስ ነገረ። በማግሥቱ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች መጥተው የቀረውን በሥርዓት አወጡት።

14,865 የሮማ ሳንቲሞች ወጡ፤ ከእነሱ ጋር ወደ 200 የሚጠጉ የብር ማዕድ ዕቃዎችና የወርቅ ጌጦች። በሥርዓት ስለወጣ ደግሞ ሌላ ነገር ታወቀ። ሀብቱ የእንጨት ሣጥን ውስጥ ነበር፤ እንጨቱ በስብሶ ጠፍቷል፣ ማጠፊያውና ትንንሾቹ ቁልፎች ግን ባሉበት ተገኙ። አንዳንዱ ዕቃ በጨርቅ፣ አንዳንዱም በገለባ ተጠቅልሎ እንደነበር ምልክቱ ቀርቷል። ባለቤቶቹ በጥድፊያ አልወረወሩትም፤ አጣጥፈው፣ ደርድረው ነው የቀበሩት። ሳንቲሞቹ እንደሚያሳዩት ይህ የሆነው ከ407 ዓ.ም. በኋላ፣ የሮማ ሥልጣን ከብሪታንያ በሚለቅበት ዘመን ነው። ሎውስ እስከ ታች ቆፍሮ ቢሆን ኖሮ ወርቁ ያው ወርቅ ነበር፤ የሣጥኑን ነገር ግን ማንም አያውቅም ነበር። ሽልማቱ 1.75 ሚሊዮን ፓውንድ ሆነ፤ ሎውስ ለገበሬው አካፈለው። መዶሻውም ተገኝቶ ዛሬ ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ከሀብቱ ጋር ይገኛል።

አሁን ተቃራኒውን ስሙ። በ2015 ሁለት ሰዎች በሄርፎርድሻየር፣ ሌምስተር አካባቢ፣ የቫይኪንግ ዘመን ሀብት አገኙ፤ ለባለ መሬቱም ለመንግሥትም ሳይናገሩ ሸጡት። ወደ 300 ሳንቲሞች እንደነበሩ ይገመታል፤ የተገኙት 31 ብቻ ናቸው። ከእነሱ መካከል ንጉሥ አልፍሬድና የመርሲያው ንጉሥ ኬልዉልፍ ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚታዩባቸው አሉ፤ ሁለቱ ነገሥታት በአንድ ወቅት ተባብረው እንደነበር የሚመሰክሩ። የቀሩት ምን ይናገሩ እንደነበር ጠፍቷል። ሰዎቹ በ2019 ተፈርዶባቸው ረጅም እስራት ገቡ። ቢናገሩ ኖሮ ከባለ መሬቱ ጋር የሚካፈሉት ሽልማት ሀብታም ያደርጋቸው ነበር።

ሕጉ በአጭሩ ይህ ነው። በ1996 በወጣው የውድ ግኝቶች ሕግ መሠረት ዕድሜው ከ300 ዓመት በላይ የሆነና ቢያንስ 10 በመቶው ወርቅ ወይም ብር የሆነ ዕቃ፣ እንዲሁም በአንድ ላይ የተገኙ ሁለትና ከዚያ በላይ የዚያ ዘመን የወርቅ ወይም የብር ሳንቲሞች፣ በ14 ቀን ውስጥ ኮሮነር ለሚባለው የአካባቢው መርማሪ ባለሥልጣን መገለጥ አለባቸው። ብቻዋን የተገኘች ሳንቲም በዚህ አትገባም። ከ2023 ወዲህ ደግሞ ዕድሜያቸው ከ200 ዓመት በላይ የሆነ፣ ለታሪክ የተለየ ፋይዳ ያላቸው የብረታ ብረት ዕቃዎችም ተጨምረዋል። ሙዚየም ከፈለገው ዋጋው ይተመናል፤ ገንዘቡም አብዛኛውን ጊዜ በአግኚውና በባለ መሬቱ መካከል እኩል ይከፈላል። ሙዚየም ካልፈለገው ይመለስላችኋል። ይህ ሁሉ ለእንግሊዝና ለዌልስ ነው። ስኮትላንድ ውስጥ የተገኘ ጥንታዊ ዕቃ ሁሉ የዘውዱ ነው፤ ሰሜን አየርላንድ ደግሞ ጥንታዊ ዕቃ ለመፈለግ ፈቃድ ይጠይቃል።

ሕጉ የማያስገድዳችሁን፣ ቁልፉንና ተራዋን ሳንቲም፣ አሳዩ እላለሁ። ብሪቲሽ ሙዚየም የሚያስተባብረው የግኝቶች ምዝገባ ፕሮግራም አለ፤ በየአውራጃው ያገኛችሁትን የሚያይላችሁ፣ ስሙንና ዘመኑን የሚነግራችሁ፣ መዝግቦ የሚመልስላችሁ ባለሙያ አለው። ክፍያ አይጠይቅም። እስካሁን ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ ዕቃዎች ተመዝግበዋል። ይህ ምን እንደሚያመጣ የሰፎኳ ሬንድልሻም ትናገራለች። በዚያ መንደር አንድ ባለ መሬት ሌቦች በሌሊት ብረት ጠቋሚ ይዘው ማሳውን እየቆፈሩ አስቸገሩት። ለአውራጃው የአርኪዮሎጂ ክፍል አመለከተ። ከ2008 ጀምሮ ልምድ ያላቸው ጥቂት ፈላጊዎች በፈቃድ፣ ማሳ በማሳ እየዞሩ የእያንዳንዷን ቁራጭ ቦታ በጂፒኤስ መዘገቡ። የተበታተኑት ቁርጥራጮች ካርታ ላይ ሲቀመጡ በ8ኛው መቶ ዘመን ቤዳ የተባለው መነኩሴ በጽሑፉ ያነሣው የምሥራቅ አንግሊያ ነገሥታት መኖሪያ ሆኖ ወጣ። መሣሪያው የሌቦቹም የፈላጊዎቹም አንድ ዓይነት ነው። ሌቦቹ የወሰዱት የት እንደነበር ማንም አያውቅም፤ የእነዚህ ግን ታሪክ ሆነ።

የዘመኑ የጋብቻ ቀለበት ብታገኙስ? እሱ ባለቤት አለው፤ ለፖሊስ ስጡ። አግኝቼዋለሁ ብሎ ማስቀረት በዚህ አገር ሕግ ስርቆት ሊሆን ይችላል።

ወደ መጨረሻው ነጥብ ደረስኩ፤ አገራችን።

«ይህን መሣሪያ ለክረምት ስሄድ ይዤው ብሄድስ?» የሚል አይጠፋም። ጣሊያን ሲወጣ የቀበረው ወርቅ አለ የሚለውን ወሬ ያልሰማ የለም፤ በዚያ ወሬ ገንዘባቸውን ያጡ ሰዎች ግን አሉ። መልሴ ግልጽ ነው፤ አትውሰዱት። በአዋጅ ቁጥር 209/1992፣ ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው፣ ቅርስ ለመፈለግ ያለ ፈቃድ መቆፈር የተከለከለ ነው፤ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰውም ማሳወቅ አለበት። እዚህ ያለው ዓይነት የአማተር ምዝገባ የለንም።

ከሕጉ በላይ ደግሞ ምክንያት አለ። የአክሱም ነገሥታት ከ3ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ወርቅ፣ ብርና መዳብ አስመትተዋል፤ በብሩና በመዳቡ ላይ ሳይቀር ወርቅ ያለብሱ ነበር። አክሱም አካባቢ ክረምቱ አፈሩን ሲያጥበው ልጆች ሳንቲም እየለቀሙ ለጎብኚ ይሸጡ እንደነበር ብዙ ሰው ያውቃል። ያ ሳንቲም ከየትኛው ቤት፣ ከየትኛው ገበያ እንደወጣ አልተጻፈም። በ1977 ግን የመን ውስጥ፣ ኤደን አካባቢ፣ 868 የአክሱም የወርቅ ሳንቲሞች ከ326 የሮማ ወርቅ ጋር በአንድ ላይ ተገኙ። አንድ ላይ ስለነበሩ፣ የአክሱም ወርቅ ከባሕር ማዶ ከሮማ ወርቅ ጎን ለጎን ይቀመጥ እንደነበር ዛሬ እናውቃለን።

በ1868 ከመቅደላ የተወሰደብንን እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ፤ ብዙዎቻችሁ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ብሪቲሽ ሙዚየምም ቪክቶሪያና አልበርትም ሄዳችሁ አይታችሁታል። እዚያ የተሰማችሁን ስሜት የሰፎክ ገበሬ ማሳ ላይ ይዛችሁት ግቡ። ያገኛችሁት ዕቃ የዚያ ቦታ ሰዎች ነገር ነው። የእኛን እንዲመለስ የምንጠይቅ ሰዎች የሌላውን አግኝተን ከደበቅን የምንናገርበት አፍ አይኖረንም።

በሌላ አገር ዘመድ ያላችሁም አስታውሷቸው። እስራኤል ውስጥ በ1978 ሕግ መሠረት በጥንታዊ ሥፍራዎች ላይ ብረት ጠቋሚ መያዝ ያስከስሳል። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ በብሔራዊ ፓርኮች መጠቀም ክልክል ነው፤ ዋሽንግተን መሃል ያለው ሰፊው ሜዳም በዚያ ውስጥ ይገባል።

ለመጀመር ያሰባችሁ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ። በመጀመሪያ ብሪቲሽ ሙዚየም ገብታችሁ የሆክስንን ሀብት እዩ፤ መግቢያው ነፃ ነው። ቀጥሎ በአካባቢያችሁ ያለ ክበብ ፈልጉና መሣሪያ ሳትገዙ አንድ ቀን አብራችሁ ውጡ፤ አብዛኞቹ ለአዲስ ሰው መሣሪያ ያውሳሉ። ከወደዳችሁት መድኑን ግቡ፣ መሣሪያውን ግዙ። ልጆቹን ከወሰዳችሁ መዝገቡን የመያዝ ሥራ ለእነሱ ስጡ፤ ነጥቡን በስልክ የሚይዝ፣ ቀኑንና ጥልቀቱን የሚጽፍ ልጅ ስልኩን ለቁም ነገር ያውለዋል።

መሣሪያዬን ይዤ መጥቻለሁ፤ ጠረጴዛው ላይ አለ። ከጎኑ በሁለት ሣጥን፣ ከቆሻሻው እስከ ሩብ ፔኒዋ፣ ያገኘኋቸው ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ ላይ የተገኘበት ማሳ ተጽፎበታል። ቀርባችሁ እዩ፣ ሞክሩት። አሁን ጥያቄያችሁን ልስማ።